ለሞተችው ውሻ በተሰጠ ገንዘብ ሌላውን አሳከምሁ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ ከአካባቢያችን ስለሚነሣና መኪናው ሁሉ ወደዚያ ስለሚጣደፍ፣ የተገጨ ውሻ መንገድ ዳር ወድቆ ማግኘት በሰፈራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን እንዲህ ያሉትን ማንሣትና ማሳከም ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም የለንም፤ ያለን የእኔ የባንክ ሒሳብና የቴሌብር ቁጥሬ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር አንዲት ቡኒ ውሻ ወገቧን ተመትታ አገኘናት። ራጅ ተነሥታ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ስለተነገረን ፎቶዋን ለወዳጅ ዘመድ ላክሁ፤ በአራት ቀን ውስጥም 46,000 ብር ተሰበሰበ። ለራጅ፣ ለመድኃኒትና ለማደሪያ 19,000 ብር ከከፈልን በኋላ ውሻዋ ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስላት ሞተች። በዚያው ሳምንት በመራቢያ አካሉ ላይ ዕጢ የወጣበት ሌላ ውሻ መጣልንና በቀሪው 27,000 ብር እርሱን አሳከምሁ፤ ትራፊውም ለምግብ ሄደ። እርሱ ድኖ ዛሬ ግቢያችንን ይጠብቃል። የእርሷን ሞት ግን ለማንም አልተናገርሁም። ከሁለት ወር በኋላ ከውጭ አገር 10,000 ብር የላከችው የአክስቴ ልጅ ደውላ «ውሻዋ እንዴት ሆነች?» ስትለኝ፣ «ደህና ናት» አልኋት።

አሁን ደግሞ የፊት እግሩ የተሰባበረ ውሻ ደረጃ ሥር ካርቶን ላይ ተኝቷል፤ ብረት ለማስገባት 38,000 ብር ተጠይቀናል። ገንዘብ ለመጠየቅ ስልኬን ባነሣሁ ቁጥር ያ ውሸቴ ይመጣብኛል። በዚህ ላይ የእድራችን ጸሐፊ፣ «ሰው መድኃኒት መግዣ አጥቶ ሲለምን፣ እናንተ ለውሻ ትለምናላችሁ?» ብለው በሰው ፊት ተናገሩኝና መልስ አጣሁ። ምን ላድርግ?

ስሜ እንዳይጠቀስ የምፈልግ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

በመጀመሪያ ለአክስትዎ ልጅ ይደውሉላት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በገንዘቧ ሌላ ውሻ በመታከሙ የምትቆጣ አይመስለኝም፤ የሚከፋት «ደህና ናት» በመባሏ ነው። እርስዎ ገንዘቡን ለራስዎ አላዋሉትም። ይሁን እንጂ ሰዎቹ የሰጡት በጥቅሉ ለውሾች ሳይሆን ፎቶዋን ላዩላት ለዚያች ቡኒ ውሻ ስለነበር፣ እርሷ በሞተችበት ዕለት በቀረው 27,000 ብር ላይ የመወሰን መብት የሰጪዎቹ ነበር። ያን ቀን «ሞታለች፤ ይህን ያህል ተርፏል፤ ሌላ ላሳክምበት ወይስ ልመልስ?» ብለው ቢጽፉ ኖሮ አብዛኞቹ «አሳክሚበት» ይሉዎት እንደነበር እገምታለሁ።

ለሌሎቹም ሰጪዎች የሆነውን ይጻፉላቸው። ደረሰኞቹን ፎቶ አንሥተው፣ ለምግብ የወጣውን ሳያስቀሩ ይላኩ፤ ደረሰኝ ያልተገኘለት ወጪ ካለ «ደረሰኝ የለኝም» ይበሉ እንጂ ሒሳቡን ለማሳመር አይሞክሩ። ድርሻዬ ይመለስልኝ የሚል ቢመጣ፣ በየወሩ ጥቂት በጥቂት እየከፈሉም ቢሆን ይመልሱለት። አዲሱን ገንዘብ የሚጠይቁት ይህ ከተላከ በኋላ ይሁን፤ ሁለቱን በአንድ መልእክት አይቀላቅሏቸው፤ ይቅርታዎ የብር መጠየቂያ መግቢያ ይመስላልና።

በሁለቱ ውሾች መካከል የነበረውን ልዩነትም ልብ ይበሉ። የዳነው ውሻ ዕጢ፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ በአብዛኛው በግንኙነት ጊዜ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ነው፤ ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር እየተሰጠ ብዙዎቹ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናሉ። ወጪውም የመዳን ተስፋውም አስቀድሞ ሊገመት ይችላል። ወገቡን የተመታ ውሻ ግን፣ የኋላ እግሩ ጣት ጠበቅ ተደርጎ ሲቆነጠጥ ሕመሙ ካልተሰማው፣ ብዙ ብር ፈስሶለትም ዳግም የመራመድ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ፎቶ ከመላክዎ በፊት ሐኪሙን «ይድናል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ድኖ እንዴት ይኖራል? በአነሰ ዋጋ የሚሆን ሌላ ሕክምናስ የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

ካርቶን ላይ ለተኛው ውሻ ሌላ ሕክምና ሊኖረው ይችላል። ሌሎቹ እግሮቹ ጤናማ ከሆኑና ክብደቱ ካልበዛ፣ የተሰባበረውን እግር መቁረጥ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሕክምና ነው፤ በሦስት እግር የሚሮጥ ውሻ አይተው ይሆናል። በአንድ ክሊኒክ ዋጋ ሳይወሰኑ ለሁለቱም ሕክምናዎች ፕሮፎርማ ያስወጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነውና፣ እናንተ ካላችሁበት ሩቅ ስላልሆነ የማስተማሪያ ሆስፒታሉንም ይጠይቁ። እስከዚያው ግን ሕመሙን ላስታግስ ብለው ለሰው የታዘዘ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይሰጡት፤ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ክፉኛ ይጎዳሉ።

ፕሮፎርማው ሲመጣ ከነማኅተሙ ፎቶ አንሥተው፣ ውሻው ከዳነ ማን እንደሚወስደው፣ ከሞተ ደግሞ የሚተርፈው ብር የት እንደሚሄድ በዚያው መልእክት ላይ ይጻፉ። ሞትን በልመና ላይ መጻፍ ብር ያስቀራል ብለው አይፍሩ፤ እንዲያውም ያን ጊዜ የቡኒዋን ውሻ ሞት ለመናገር ያሳፈረዎት ስለ ሞት ቀድሞ አለመነጋገራችሁ ይመስለኛል። የሚችል ሰው ለክሊኒኩ በቀጥታ እንዲከፍል፣ የቀረው በእርስዎና በአንደኛዋ ጎረቤትዎ ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ እንዲገባ ያድርጉ። ከውጭ ለሚሰጡት ደግሞ፣ ጎፈንድሚ የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው በቀጥታ ስለማይከፍል፣ የአክስትዎ ልጅ በስሟ ብትከፍተው ገንዘቡ በእጇ እንደሚገባና እንዴት እንደሚተላለፍ ለሰጪዎቹ በግልጽ ይነገር። ከወዳጅ ዘመድ አልፋችሁ ሕዝብን በሰፊው መጠየቅ ካሰባችሁ ግን፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ ይሻላችኋል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ወርኃዊ መዋጮ ነው፤ አርባ ሰው በወር 100 ብር ቢያዋጣ 4,000 ብር ይሆናል፤ በየአደጋው ከማልቀስም ያድናችኋል።

የእድሩ ጸሐፊ ያነሡት ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ እኔም በግማሹ እስማማለሁ። አንዳንዶች «ውሻን ማሳከም ሰውን ከእብድ ውሻ በሽታ ማዳን ነው» ብለው ይመልሱላቸዋል። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጆችን የሚጠብቀው የውሾች ክትባት እንጂ እግር ውስጥ የሚገባው ብረት አይደለምና በዚህ ክርክር አይሸፈኑበት። ለእርሳቸው የምትሰጧቸው መልስ ለአንድ ውሻ የምታወጡትን ከፍተኛ ወጪ ወስናችሁ፣ ከዚያ ለሚበልጠው «አንችልም» ማለታችሁ ነው። እድር መዝገብና ገንዘብ ያዥ ምን እንደሆነ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለምና፣ በየሦስት ወሩ ሒሳባችሁን እንዲያዩላችሁ ቢጠይቋቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

አንድ ያልጻፉልኝ ነገር አለ፤ ሦስታችሁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወስዳችኋል? ሕመም ላይ ያለ ውሻ የሚያነሣውን እጅ ይነክሳል፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከወርኃዊው መዋጮ የመጀመሪያው ወጪ የእናንተው ክትባት ይሁን፤ በመዝገቡም ላይ አንደኛ ተራ ቁጥር ሆኖ ይጻፍ።