የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ልጄ ከሄሪኬን ወዴት ትሽሽ?

ጥያቄ፦ የለገጣፎ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር በፍሎሪዳ፣ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ትኖራለች። ሄሪኬን መጣ በተባለ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። እኔ አትላንታ ወዳለው የወንድሜ ልጅ ዘንድ ሂጂ እላታለሁ፤ እርሷ ደግሞ «እማዬ፣ ኦርላንዶ ጓደኛዬ ቤት ይበቃል» ትለኛለች። የዕድራችን ሰዎች ወደ ደጋው፣ ወደ ተራራው ትውጣ ይላሉ። ማናችን ነን ትክክል? አንዱን ሠፈር ውጡ፣ ሌላውን ተቀመጡ የሚሉትስ በምን ለይተው ነው?
የልጅ እናት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ በዚህ ክርክር ልጅዎ ወደ እውነቱ ትቀርባለች። ይሁን እንጂ ኦርላንዶም ሁልጊዜ የሚያዋጣ ስላልሆነ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን ብናቀርበው ይሻላል።

ሄሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሣው ከባድ አውሎ ነፋስ፣ በነፋሱ ፍጥነት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደረጃ 1፣ 252 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ደረጃ 5 ይባላል። ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ የሚናገረው ይህንኑ ቁጥር በመሆኑ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነፋሱን ነው፤ ሆኖም ደረጃው ስለ ውኃው ምንም አይናገርም፣ በአሜሪካ በሄሪኬን ከሚሞቱት አብዛኞቹን ሲገድል የኖረው ግን ውኃ ነው። ነፋሱ የባሕሩን ውኃ እየገፋ ወደ የብስ ያመጣዋል፤ ከፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ አጠገብ ደግሞ የባሕሩ ጥልቀት አነስተኛ ስለሆነ የተገፋው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ እየተከመረ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ይገባል። በሴፕቴምበር 2024 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሄሪኬን ሄሊን ከልጅዎ ከተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በባሕሩ ላይ ሲያልፍ፣ ሴንት ፒተርስበርግ በምትገኝበት በፒኔላስ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክልል ነው) ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ውኃ የወሰዳቸው ሰዎች ነበሩ።

የሠፈሩ ምርጫ የሚደረገውም በዚሁ በውኃው ነው። ባለሥልጣናቱ የባሕሩ ውኃ የት ድረስ ሊገባ እንደሚችል አስቀድመው አስልተው አካባቢውን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ በቀጠና ከፍለውታል፤ ቀድሞ እንዲወጣ የሚታዘዘው ቀጠና ኤ ነው። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ዳሩ ላይ ያለው ቤት በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ከዳገቱ ላይ ያለው ጎረቤት ቡናውን አፍልቶ እንደሚጠጣ ሁሉ፣ እዚያም በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች በተለያየ ቀጠና ሊመደቡ ይችላሉ። ሞባይል ሆም በሚባሉት ቀላል ተገጣጣሚ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ግን ቀጠናቸው ምንም ይሁን ምን እንዲወጡ ይነገራቸዋል፤ እነዚህ ቤቶች ነፋሱን አይችሉምና። ስለዚህ ልጅዎን መጀመሪያ የሚጠይቋት «ወዴት ትሄጃለሽ?» ብለው ሳይሆን «ቤትሽ በየትኛው ቀጠና ነው?» ብለው ይሁን። መልሱን የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አድራሻዋን በማስገባት ታገኘዋለች። ለጎርፍ መድን የተዘጋጀው ካርታ ከዚህ የተለየ ስለሆነ ሁለቱን እንዳታምታታቸው ያሳስቧት።

ቀጠናዋ እንዲወጣ ከታዘዘ፣ የፍሎሪዳ የአደጋ ጊዜ ኃላፊዎች ለዓመታት ሲመክሩ የኖሩት በመቶዎች ሳይሆን በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መሄድን ነው። ከትእዛዙ ቀጠና ውጪ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተሠራ ጠንካራ ቤት ያለው ወዳጅ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ቢኖራት እኔ ከአትላንታም ከኦርላንዶም እርሱን እመርጥላታለሁ። ረጅሙ መንገድ ራሱ አደጋ አለው። በ2005 ሄሪኬን ሪታ ሲመጣ ከሂዩስተንና ከአካባቢዋ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጡ፤ በሙቀቱ፣ በነዳጅ እጥረትና በተሽከርካሪ አደጋ ሰው አለቀ፣ አረጋውያንን ያሳፈረ አንድ አውቶቡስም ዳላስ አቅራቢያ በእሳት ተያይዞ 23 ሰዎች ሞቱ።

ከሴንት ፒተርስበርግ እስከ አትላንታ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህም በላይ ሄሪኬኑ በዚያው አቅጣጫ ሊከተላት ይችላል። በ2017 ሄሪኬን ኢርማ የማያሚን አካባቢ ይመታል ተብሎ ብዙዎች ወደ ምዕራቡ ዳርቻ፣ ወደ ታምፓ ሸሹ፤ መንገዱ ግን ወደ ምዕራብ ዞረ፣ ቀጥሎም ኃይሉ እየደከመ ወደ ጆርጂያ ወጣና አትላንታ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐሩር ማዕበል (ከሄሪኬን ያነሰ አውሎ ነፋስ) ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

የዕድራችሁን ሰዎች ምክር በተመለከተ፣ ወደ ደጋ መውጣት ከወባ ያድን ይሆናል፤ ከሄሪኬን ግን ሁልጊዜ አያድንም። ሄሊን ብዙ ሰው የገደለው ከባሕር ወደ የብስ ከገባበት ዳርቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሚገኙት የሰሜን ካሮላይና ተራሮች፣ በአሽቪል ከተማ ዙሪያ ነው። ዝናቡ ተራራውን ሲመታ ውኃው በጠባቦቹ ሸለቆዎች ወርዶ መንደሮችን ጠረገ፣ መሬቱም ተናደ፤ በዚያ ግዛት ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ኦርላንዶ መሀል አገር ስለሆነች የባሕር ውኃ አይደርስባትም፤ ጓደኛዋም እዚያ ካለች ሆቴል ፍለጋ ከመንከራተት ታድናለች። ነገር ግን በ2022 ሄሪኬን ኢያን ባወረደው ዝናብ የኦርላንዶ አንዳንድ ሠፈሮች በውኃ ተውጠዋል፣ በኦክቶበር 2024ም ሄሪኬን ሚልተን ግዛቱን አቋርጦ ያለፈው በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ የጓደኛዋ ቤት ሐይቅ ወይም ረግረግ አጠገብ ያለ መሆን አለመሆኑን፣ አሠራሩም ጠንካራ መሆኑን አስቀድማ ታረጋግጥ።

ከቦታው እኩል የሚያሳስበው የመነሻው ሰዓት ነው። ሴንት ፒተርስበርግ በልሳነ ምድር ላይ ያለች በመሆኗ ወደ ታምፓና ወደ ኦርላንዶ የሚወስዱት ዋና ዋና መንገዶች በድልድይ ያልፋሉ፤ ነፋሱ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ደግሞ ድልድዮቹ ይዘጋሉ። «ትንሽ ቆይተን እንየው» የሚለው ሐሳብ ያጓጓል፤ ከተማዋ አጠገብ ባለው በታምፓ ባሕረ ሰላጤ ግን የሄሪኬኑ ማዕከል በስተ ሰሜን ካለፈ ነፋሱ ውኃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ በስተ ደቡብ ካለፈ ውኃውን ወደ ውጭ ይስበዋል። በኢያንም በሚልተንም ጊዜ የታምፓ ባሕረ ሰላጤ ውኃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። ይህን የሚወስነው ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ነው፤ ያም ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ የሚጠብቅ ሰው የመውጫው ጊዜ ያልፍበታል። በትንበያው ካርታ ላይ እየሰፋ የሚሄደውም ነጭ ሥዕል የማዕከሉን መንገድ ግምት ብቻ ያሳያል እንጂ ከሥዕሉ ውጪ ያለው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ትእዛዙ በወጣ ዕለት፣ በቀን ብርሃን፣ ነዳጅ ሞልታ ትነሣ። ከዘገየችና ድልድዩ ከተዘጋ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ወደተከፈተ መጠለያ ትግባ፤ ጎርፍ ባለበት መንገድ ለመንዳት ግን አትሞክር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወርድ ውኃ ትንሽ መኪና ይዞ ይሄዳልና።

እርስዎ ከለገጣፎ ሆነው የሚረዱበትም መንገድ አለ። አትላንታ ያለው የወንድምዎ ልጅ የመረጃ ተቀባይ ይሁን፤ ስልክ ሲጨናነቅ ጥሪ ባይገባም አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ስለሚችል፣ ልጅዎ ለእርሱ ትላክ፣ እርሱ ለእርስዎ ይደውል። ማያሚ የሚገኘው ብሔራዊ የሄሪኬን ማዕከል ሙሉ መግለጫ የሚያወጣው በቀን አራት ጊዜ ሲሆን፣ በእኛ ሰዓት በበጋ አቆጣጠራቸው ወቅት ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12፣ ከሌሊቱ 6 እና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይውላል። የሌሊቱን ትተው የጠዋቱን ቢከታተሉ ይበቃዎታል፤ በመካከሉ በፌስቡክ የሚዘዋወረው ወሬ አብዛኛው ያንኑ መግለጫ አጋኖ የሚደግም ነው።