ዝም የሚባልበትን ቦታ አትዝለሉት

አኒሜን፣ የጃፓኖቹን የሥዕል ፊልም፣ ለምትወዱ ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እኔ ኤዲተር ነኝ። 28 ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ምስል መቁረጥና መቀጠል ነው። በቤታካም ካሴት ጀምሬ ኮምፒውተር ላይ ደርሻለሁ። አኒሜ ማየት የጀመርኩት ግን ዘግይቼ ነው፤ የእህቴ ልጅ ነው ያስለመደኝ። አሁን 17 ዓመቱ ነው። አርብ አርብ ማታ እኔ ቤት ይመጣል፣ አብረን እናያለን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናንተም የምታውቋቸው በዚያው ነውና። ታሪክ የማወጣባቸው ቦታዎችም አሉ። ያላያችሁት ካለ ቀድማችሁ እዩትና ተመለሱ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ አርብ ማታ ነው። በ2025 የወጣውን የዲመን ስሌየር ፊልም፣ ኢንፊኒቲ ካስልን፣ እያየን ነበር። ጭራቅ አዳኞቹ ታንጂሮና ጊዩ ከጭራቁ አካዛ ጋር ተያይዘዋል። የእህቴ ልጅ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ድንገት ፍልሚያው ቆመና አካዛ ሰው ሳለ፣ ሃኩጂ ሲባል የነበረበት ዘመን መጣ። ልጁ ወዲያው ስልኩን አወጣ። «አክስቴ፣ ይሄን ዝለዪው፤ ፍላሽባክ ነው» አለኝ።

አልዘለልኩትም። ሃኩጂ ለታመመ አባቱ መድኃኒት መግዣ ብሎ ይሰርቃል። ይያዛል፣ ይቀጣል፣ ደግሞ ይሰርቃል። አባትየው ልጁ በእሱ የተነሳ ሌባ መሆኑን መሸከም ያቅተውና ራሱን ያጠፋል። በኋላ አንድ ሰው ሃኩጂን ቤቱ ያስገባውና በሽተኛ ልጁን ኮዩኪን እንዲያስታምም ያደርገዋል። አባቱን ማዳን ያልቻለው ልጅ እንደገና በሽተኛ አጠገብ ይቀመጣል። እኔም አባቴን አስታምሜያለሁ። ሆድ ባሰኝ፣ አለቀስኩ።

ፊልሙ 155 ደቂቃ ነው። «ፍላሽባኩ ቢቀነስ ኖሮ» የሚል ብዙ ሰው ገጥሞኛል። ቁረጪ ብለው መቀሱን ለእኔ ቢሰጡኝ፣ የምቀንሰው ከፍልሚያው ነው። አካዛ መጨረሻ ላይ ክንዱን በራሱ ላይ የሚያዞረው ለምን እንደሆነ የሚገባን በዚያ አልጋ አጠገብ ከተቀመጥን ብቻ ነው። ያን ክፍል የዘለለ ሰው የሚያየው አንድ ጭራቅ ሲሸነፍ ነው። ያየ ሰው ደግሞ አንድ ልጅ ቤቱ ሲገባ ያያል።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት የአንዲት እናት ቃለ መጠይቅ ደረሰኝ። ልጃቸው ከቤት ከወጣ 9 ዓመቱ ነበር። ጋዜጠኛው «ቢመለስ መጀመሪያ ምን ይሉታል?» ብሎ ጠየቃቸው። ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ 11 ሰከንድ ዝም አሉ። በትክክል የማውቀው ማሽኑ ላይ ቆጣሪ ስላለ ነው። ከዚያ «በልተሃል ወይ ነው የምለው» አሉ። ፕሮግራሙ ረዝሞብኝ ነበርና ያንን ዝምታ 2 ሰከንድ አደረግኩት። ሲተላለፍ አየሁት። መልሱ ተዘጋጅቶ የቆየ መሰለ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም ልብ አላለውም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአኒሜ ዳይሬክተሩ ሃያዎ ሚያዛኪ ይሄን ዝምታ «ማ» ይለዋል። አንድ ጊዜ ለአንድ የፊልም ሐያሲ ሲያስረዳው እጁን ደጋግሞ አጨበጨበ። በጭብጨባውና በጭብጨባው መሀል ያለችው ጊዜ ናት ማ። በ2001 የወጣው ፊልሙ ስፒሪትድ አዌይ ውስጥ ቺሂሮ ባቡር የምትሳፈርበትን ቦታ ታስታውሱታላችሁ። ሐዲዱ ውሃ ውስጥ ነው። ተሳፋሪዎቹ ጥላ ናቸው። ቺሂሮ ትቀመጣለች፣ በመስኮት ታያለች። ማንም አያወራም፣ ማንም አያሳድዳትም። አንዲት አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ያለ ወላጆቿ ሩቅ አገር መሄድ ምን እንደሚመስል ከዚያ በላይ የነገረኝ ፊልም የለም። ክሊፕ እየቆራረጠ የሚለጥፍ ሰው ግን ያችን ባቡር አይለጥፋትም፤ ምክንያቱም 15 ሰከንድ ውስጥ ምንም አይሆንም።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ልጨምር። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 አስትሮ ቦይ የተባለውን አኒሜ በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን ማድረስ ሲጀምር ያን ሁሉ ሥዕል ለመሳል ገንዘቡም ሰዉም ጊዜውም አልነበረውም። ስለዚህ አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል እያስያዘ በሰከንድ ወደ 8 አወረደው። ፊቱ ቆሞ አፍ ብቻ እንዲንቀሳቀስ አደረገ። አንዴ የተሳለውን ደግሞ ደጋግሞ ተጠቀመበት። አኒሜ ላይ የምታውቁት ያ ቆም የሚል ነገር፣ ንፋስ ፀጉር ብቻ የሚያወዛውዝበት፣ ዓይን ብቻ ሰፍቶ የሚቀርበት፣ መነሻው እጥረት ነው። በኋላ የመጡት ሰዎች እጥረቱን ቋንቋ አደረጉት። ገንዘብና ማሽን የለንም ብላችሁ የምትቀመጡ፣ መሳል የምትፈልጉ ልጆች፣ ይሄን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት።

ዋና ዋናውን ሥዕል የሚስለው አንድ ሰው ነው፤ በመሀል ያለውን የሚሞላው ሌላ። የመሀሉን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ በሥዕል ቁጥር የሚከፈለው ጀማሪ ነው፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። አንድ ኤፒሶድ ላይ እጅ ተንሻፎ ስታዩ «አኒሜሽኑ ቆሻሻ ነው» ከማለታችሁ በፊት ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰውን ሰው አስቡት። መተቸት መብታችሁ ነው፣ እኔም እተቻለሁ። ስድብ ግን አትልመዱ።

አሁን ከሚወጡት ውስጥ ልቤን የወሰደው ፍሪረን የሚባለው ተከታታይ አኒሜ ነው። በ2023 ሲጀምር የብዙ ታሪክ መጨረሻ ከሆነው ቦታ ነው የተነሳው። ሰይጣኑ ንጉሥ ተሸንፏል፣ ጀግኖቹ ተመልሰዋል። ከጀግኖቹ አንዷ ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ የምትኖር ኤልፍ ናት፣ ማለትም የተረት ፍጥረት፤ አብረው የተጓዙት 10 ዓመት ለእሷ እንደ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። 50 ዓመት ቆይታ ስትመጣ አብሯት የተጓዘው ሂመል ሽማግሌ ሆኗል። ከዚያ ይሞታል። ቀብሩ ላይ መጀመሪያ አታለቅስም፣ ሰዎችም ያሟታል። ኋላ ነው እንባዋ የሚመጣው፤ ሰው ዕድሜው አጭር እንደሆነ እያወቀች ልታውቀው እንዳልሞከረች ያኔ ይገባታል። ቀሪው ጉዞ ያንን ማካካስ ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ኤፒሶዶች በ1.5 ፍጥነት ነበር ያየው። «ቀስ ስለሚል ነው» አለኝ። ጊዜ ቸኩሎ ስላለፈባት ሴት የሚናገርን ታሪክ አቻኩሎ ማየት! ሁለተኛው ሲዝን በጥር 2026 ሲመጣ በትክክለኛው ፍጥነት አየነው። አንድ ኤፒሶድ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ወሬ።

ሉክ ባክንም እዩት። የ2024 ፊልም ነው፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ስለሚስሉ ሁለት ልጆች ነው። ዳይሬክተሩ ኪዮታካ ኦሺያማ ራሱም ብዙ ስሎበታል፣ የእርሳሱ መስመር ሳይለሰልስ ነው የተተወው። ከሁለቱ አንዷ ፉጂኖ ከጀርባዋ ትታያለች፤ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ያጎነበሰ ትከሻ። ከመስኮቱ ውጭ ወቅቱ ይለወጣል፣ ጀርባዋ እዚያው ነው። ሙያ ማለት ከጀርባ ሲታይ ይሄን ይመስላል። ፊቷን ባያሳዩኝም ምን እየሆነች እንደሆነ አውቄያለሁ።

ጌም ላይ ብዙ አልናገርም፣ እጄ ለዚያ አይታዘዝልኝም። አንድ ግን የእህቴ ልጅ ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያየሁት አለ፣ ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ። የ2005 ጌም ነው። 16 ግዙፍ ፍጥረቶች አሉ፣ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ምድር። ትንንሽ ጠላት እንኳ የለም። የጌሙ ወጣት ፈረሱን ይዞ ብቻውን ይጋልባል። በሰዓት እየተከፈለ በሚጫወቱበት ጌም ቤት ይሄን የሚጋልብ ልጅ አይገኝም፤ ገንዘቡ እየቆጠረ ማን ባዶ ሜዳ ያያል? አልፈርድባችሁም። ጌሙ ቤቱ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ግን ሂዱና ጠይቁት። ግዙፉ ሲወድቅ ደስታው ለምን እንደሚጎመዝዝ የሚገባችሁ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብላችሁ ከጋለባችሁ ነው።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ራሱ የሠራውን አሳየኝ። 4 ሰከንድ ናት። አያቱ፣ ማለትም እናቴ፣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ነው። በሰከንድ 8 ቢሆን 32 ሥዕል ይፈልጋል፤ እሱ 20 ብቻ ነው የሳለው። ክሩን በምላሷ ታረጥባለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወደ መርፌው ታስጠጋለች። እዚያ ላይ ቆመች። አንዷን ሥዕል ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ይዟታል። ወረቀቱ አልቆበት መስሎኝ «ይሄ ለምን ቆመ?» አልኩት።

«ትንፋሿን ስለያዘች ነው» አለኝ።