መልስ፦ አንባቢ ለጀግናው እንዳያደላ

በኮሚክ (በሥዕላዊ ታሪክ) መጽሐፌ ዋና ገጸ ባሕርያቴ ወንበዴዎቹ ሆነው ሳለ አንባቢ ለጀግናው ያደላል ላልከው፦ ጀግናው ገጽ 1 ላይ እየበረረ ስለገባ ነው። አንባቢ የሚወግነው መጀመሪያ ለተዋወቀው ሰው ነው።

1. ጀግናውን እስከ ገጽ 6 ድረስ አታሳየው። ከዚያ በፊት ወንበዴዎቹ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይማከሩ፤ ማን ምን እንደቸገረው፣ ገመዱን ማን እንደሚይዝ፣ የቱ ፈሪ እንደሆነ ይታወቅ። ዕቅዱን ያወቀ አንባቢ ሳይወድ በግዱ «ይሳካላቸው» ማለቱ አይቀርም።

2. የውስጥ ሐሳብ የሚጻፍበትን ደመና ለእነሱ ብቻ ስጥ። ጀግናው ይናገር እንጂ ሲያስብ አይታይ።

3. ሲመጣ በእነሱ ዓይን፣ ከታች ወደ ላይ ሣለው፦ ፀሐይ ከጀርባው፣ ፊቱ ጨለማ፣ ጥላው ሻይ ብርጭቆአቸው ላይ።

ጀግናውን ግን ክፉ አታድርገው። ያኔ ስም ተለዋወጡ እንጂ ታሪኩ ያው የድሮው ነው። እውነቱ ከእሱ ጋር ይሁን፤ የሚከብዳቸውም ለዚያ ነው።

ማሳደዱን አፄ ፋሲል መዋኛ ላይ ካደረግኸው ደግሞ ወሩን አስብበት። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በሚያዝያ ዘሎ የገባ ወንበዴ እግሩን ይሰብራል እንጂ አይዋኝም፤ የጎንደር አንባቢ ይህን አያልፍልህም።