ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ለሚዘገይ ቁራጭ ቪዲዮ

ከፍኖተ ሰላም አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የ3 ሰዓት ሠርግ አለኝ፣ 12 ጊጋ ይሆናል። የደንበኛዬ ፍላሽ አልቀበልም ሲለኝ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው፣ ትእዛዝ እየተጻፈለት በሚሠራው የቪዲዮ ፕሮግራም ቆራረጥኩት። መነሻ ሰዓቱን ከፋይሉ ስም በኋላ ሰጥቼ እንደ አዲስ ሳላስጨምቅ በኮፒ ነው የሠራሁት። አሁን እያንዳንዱ ቁራጭ ሲጀምር ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ለጥቂት ሰከንድ ጥቁር ነው። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?»

ካሜራህ ደህና ነው ወንድሜ። ችግሩ ያለው የቆረጥክበት ቦታ ላይ ነው።

የእድር መዝገብ አስብ። መጀመሪያው ገጽ ላይ የአባላቱ ስም በሙሉ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው የገባና የወጣ ሰው ብቻ ነው። መዝገቡን መሀል ላይ ቀደህ ሁለተኛውን ግማሽ ብትሰጠኝ፣ ስሙ እንደገና በሙሉ እስኪጻፍ ድረስ አባላቱን አላውቃቸውም። ቪዲዮም እንዲሁ ነው። ሙሉው ምስል ቁልፍ ፍሬም ይባላል፤ የቀሩት የተለወጠውን ብቻ ይይዛሉ። ቪዲዮ የሚያስጨምቀው ኤክስ264 የሚባል ፕሮግራም፣ ካልነካካኸው በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች መሀል እስከ 250 ፍሬም ሊሄድ ይችላል። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 10 ሰከንድ ማለት ነው። ድምፅ ይህ ጣጣ የለበትም፣ ስለዚህ ቀድሞ ይሄዳል።

እንግዲህ በእጅህ አትቁረጥ። ኤፍኤፍኤምፔግ ራሱ ቁልፍ ፍሬም እየጠበቀ እንዲቆርጥ አድርገው። በላቲን ፊደል በዚህ ቅደም ተከተል ጻፍ፦ ኤፍኤፍኤምፔግ፤ ሰረዝ አይ እና የፋይሉ ስም፤ ሰረዝ ሲ እና ኮፒ፤ ሰረዝ ኤፍ እና ሰግመንት፤ ሰረዝ ሰግመንት ታይም እና 1800፤ ሰረዝ ሪሴት ታይምስታምፕስ እና 1። ሰግመንት ታይምም ሪሴት ታይምስታምፕስም ቃላቶቻቸው በታች ሰረዝ ይያያዛሉ። መጨረሻ ላይ የውጤቱ ስም ይገባል፤ በስሙ ውስጥ የመቶኛ ምልክት፣ 03 እና ትንሿ ዲ ይኑሩ። ቁራጮቹን ከ000 ጀምሮ ይቆጥርልሃል።

1800 ሰከንድ ያልኩት አስቤ ነው። ግማሽ ሰዓት ከሆነ 6 ቁራጭ ይወጣል፣ እያንዳንዱ 2 ጊጋ አካባቢ። ፎርማቱ (የፋይል አያያዙ) ፋት32 የሆነ ፍላሽ አንድ ፋይል 4 ጊጋ ከደረሰ አይቀበልም፣ ይህ ግን በደንብ ይገባል። ሙሽሮች ሲገቡ በየ10 ደቂቃው ፋይል መቀየር ለቤተሰብ አይመችም። ፍላሹን ይህ ገደብ ወደሌለበት ኤክስፋት ወደሚባል ፎርማት ቀይሮ ሳይቆርጡ መስጠትም ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ቲቪ ኤክስፋት አያነብም፣ ቀድመህ ሞክረው።

የቁራጮቹ ርዝመት በጥቂት ሰከንድ ይለያያል። ለሠርግ ምንም አይደለም፣ ጥራቱም አይነካም። የግድ እኩል ይሁን ካልክ ኮፒውን ትተህ ቪዲዮውን እንደ አዲስ ማስጨመቅ አለብህ፤ በየ1800 ሰከንዱ ቁልፍ ፍሬም እንዲያስገባም ታዘዋለህ። ይህ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መብራት ቢጠፋ የተዘጉት ቁራጮች ይተርፋሉ፤ በመሠራት ላይ ያለው ኤምፒ4 ግን ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ አይከፈትም።

ዋናውን ፋይል ገና አታጥፋው። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ቁራጭ መነሻና መድረሻ ከፍተህ እይ።