ራስ ዳሸን የወጣ ሰው አንስ ማሮን ያቅተዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦና የረር የምንወጣ ጓደኛሞች ነን፤ ራስ ዳሸንም ደርሰናል። አሁን ሲሸልስ ልንሄድ ነው። ላ ዲግ የምትባለው ደሴት ላይ አንስ ማሮን ወደሚባል ባሕር ዳርቻ የሚያደርስ የእግር መንገድ እንዳለ ሰማን። ካርታ ላይ ስናየው ርቀቱ ምንም አይደለም። የምናርፍበት ቤት ባለቤት ግን «ያለ አስጎብኚ እንዳትሞክሩት» አለን። ብር ፈልጎ ነው ወይስ የምር ከባድ ነው? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ የምር ከባድ ነው። ክብደቱ ግን እናንተ የለመዳችሁት ዓይነት አይደለም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ የሚፈትናችሁ ትንፋሽና ብርድ ነው፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ ከባሕሩ ብዙም ከፍ አትሉም፣ ትንፋሽም አያጥራችሁም፣ ግን ወበቁ ከጠዋት ጀምሮ በላብ ያጠምቃችኋል፤ መንገድ የተባለው ነገር ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ጭራሽ የለም።

ላ ዲግ ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በብስክሌት ነው። አንስ ማሮን ያለው በደቡብ ጫፏ ሲሆን መኪናም ብስክሌትም አይደርስበትም። ከሁለት በኩል ይገባል። አንደኛው ግራንድ አንስ ከሚባለው ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ጫካውን አቋርጦ የሚሄደው ነው። ሌላው ከአንስ ሱርስ ዳርዣን ይነሳል፤ ያ በየፖስትካርዱ የምናየው ዳርቻ ማለት ነው፣ መግቢያውም ይከፈልበታል። ከዚያ ወደ ደቡብ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ውሃውን እየሰነጠቃችሁ ትሄዳላችሁ፣ ትወጣላችሁ፣ እንደገና ትገባላችሁ። ከየትኛውም በኩል ብትመጡ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃችሁ ቤት የሚያክል የግራናይት ድንጋይ ክምር ነው። አንዱን በእጅም በእግርም ተንጠላጥላችሁ ትወጡታላችሁ፣ በሌላው ሥር በሆዳችሁ ትሾልካላችሁ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚኬድ ግራ ይገባችኋል። ድንጋዩ ደረቅ ሲሆን ጫማ ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል። አስጎብኚው የሚከፈለው ይሄን ስለሚያውቅ ነው፤ የቱ ስንጥቅ እንደሚያሳልፍና የቱ እንደሚዘጋ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ አይነግራችሁም።

ዋናው ነገር ግን ውሃው ነው። እኛ ባሕር አላየንም፤ ጣና ጠዋትም ማታም ያው ጣና ነው። ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ ስትሄዱ ጉልበት ላይ የነበረው ውሃ ስትመለሱ ወገብ አልፎ፣ ከነማዕበሉ ድንጋይ ላይ እያላተመ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የጉዞው ሰዓት የሚመረጠው በእናንተ ምቾት ሳይሆን ውሃው በሚሸሽበት ሰዓት ነው። ውሃው የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ራሳችሁ ካያችሁ ደግሞ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን እንዳትረሱ፤ 10:00 ካለ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው፣ ያውም ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት በሚቀድም የአገሩ ሰዓት። ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል፤ «ከመሸብን እዚያው ድንኳን ተክለን እናድራለን» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ተዉት፣ ሲሸልስ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደር ክልክል ነው።

ያን ከባድ የተራራ ቡትስ ቤት ተዉት። ቢረጥብ ግድ የማይሰጠው፣ ሶሉ የሚይዝ ቀለል ያለ ጫማ ይበቃል። ሁለቱም እጆቻችሁ ነጻ ይሁኑ። ለስልክና ለምሳ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ያዙ፤ የሚጠጣ ውሃ በየሰው ሁለት ሊትር ያዙ፣ መንገድ ላይ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ዱባይ ነው፣ ዋና አልችልም። ፎቶውን አይቼ ግን በጣም ጓጓሁ። በየትኛው ወር ብሄድ ይሻለኛል? ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አይቅርብሽ እህቴ። አንስ ማሮን ላይ ትልልቆቹ ድንጋዮች ማዕበሉን ስለሚከለክሉት ከውስጥ በኩል የተረጋጋ የተፈጥሮ ገንዳ አለ፤ ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን ዳር ዳሩን ቁጭ ብለሽ መዝናናት ትችያለሽ። አስጎብኚውን ከመያዝሽ በፊት ግን ዋና እንደማትችይ ንገሪው፤ አፍረሽ አትደብቂው። በግራንድ አንስ በኩል ሄደሽ በዚያው ብትመለሺ ውሃ ውስጥ መግባቱ ያንሳል። ግራንድ አንስ ላይ ግን እግርሽን እንኳን እንዳታስገቢ። አሸዋው ያምራል፣ ከሥር ያለው ሞገድ ግን ዋናተኛውንም ጎትቶ ይወስዳል፤ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ለጌጥ የተተከለ አይደለም።

ወሩን በተመለከተ፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ስለሚነፍስ ያ የደሴቱ ጎን ይናወጣል። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ዝናቡ ይበዛል። እኔ ብሆን ኤፕሪልን እመርጣለሁ፣ ወይ ኦክቶበርን ጨረስ አድርጌ እሄዳለሁ፤ በነፋሶቹ መለዋወጫ ባሕሩ ረጋ ይላል። አስጎብኚው ጠዋት አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ካለሽ ደግሞ አትከራከሪው፣ ብስክሌት ተከራይተሽ ደሴቷን ዙሪ።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል? ላ ዲግስ አውሮፕላን ያርፋል?

መልስ፦ ሲሸልስ ከየትም አገር ለመጣ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመብረር በፊት ግን በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግዴታ ነው፤ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ቦታ ማስረጃም ያዙ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ላ ዲግ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ማሄ በምትባለው ዋናዋ ደሴት ላይ ወርዳችሁ በጀልባ ወደ ፕራሊን ደሴት፣ ከዚያም በሌላ ጀልባ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ባሕር ሆድ የሚያገላብጠው ሰው ካለ ክኒኑን ማሄ ላይ ሳይሳፈር ይዋጥ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ነው የሚንጠው።