«ግማሹ ተማሪ ስልክ የለውም፤ ኦንላይኑን ልተወው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ርዕሰ መምህራችን ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የክፍሉን ትምህርት ከኦንላይን ጋር አቀላቅላችሁ ስጡ ብለዋል። እንዴት እንደሆነ ግን የነገረን የለም። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለኝ። ግማሹ ስማርት ስልክ የለውም፣ አለኝ የሚለውም የእናቱን ነው የሚዋሰው። የቴሌግራም ቻናል ከፍቼ ቪዲዮ ብለቅም የሚያዩት ያው ጎበዞቹ ናቸው። ልተወው?

መልስ፦ ቻናሉን አይዝጉት፣ ቪዲዮውን ግን ያቁሙት። ካርድ ይበላል፣ እርስዎንም ያደክማል።

ፕላዝማን ያስታውሳሉ አይደል? በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃው የተተከለው የትምህርት ቴሌቪዥን። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ እሱ ይወስድና ለመምህሩ ለመግቢያና ለማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም፣ መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት በዚያው አለፈ ማለት ነው። ስልክ ላይ ያለ ትምህርት ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አራቴ ይሰማል። ስለዚህ ስልክ ላይ የሚሄደው ልጁ ደጋግሞ ሊሰማው የሚፈልገው ማብራሪያ ብቻ ይሁን። ጥያቄ መሥራቱ፣ መሳሳቱ፣ «ቲቸር እዚህ ጋ አልገባኝም» ማለቱ ክፍል ውስጥ ይሁን። እዚያ ነው እርስዎ የሚያስፈልጉት።

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የሚባሉ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2007 ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎች ብለው ትምህርታቸውን መቅዳት ጀመሩ። ቆይተው ማብራሪያውን ወደ ቤት፣ የቤት ሥራውን ወደ ክፍል አዞሩት። እዚያም ኢንተርኔት የሌለው ተማሪ ነበር፣ ለእሱ በፍላሽና በዲቪዲ ይሰጡት ነበር።

እርስዎ ምን ያድርጉ? የደብተር ገጽ ፎቶ አንስተው ከሥሩ የ5 ደቂቃ ቮይስ ይልቀቁ። ጥቂት ሜጋ ነው፣ በተዋሰው ስልክም ቶሎ ይወርዳል። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ የአይሲቲ ክፍሉን ይጠይቁ (አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው)። ኮሊብሪ የሚባል ትምህርቶችን የሚይዝ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ኢንተርኔት ባለበት አንዴ አውርደው አንድ ኮምፒውተር ላይ ከጫኑት ሌሎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአንድ ራውተር ተያይዘው ያለ ኢንተርኔት ይጠቀሙበታል። የካን አካዳሚ (ነፃ የቪዲዮ ትምህርት የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው) ትምህርቶችም ውስጡ ይገኛሉ። ብቻ የእኛን መጽሐፍ ምዕራፍ ተከትሎ አልተዘጋጀም፣ ለየሳምንቱ የሚሆነውን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ይበሉ፦ ቻናል ላይ ብቻ የወጣ ነገር ፈተና ላይ አይምጣ፣ ማርክም አይያዝበት። አለበለዚያ የምንፈትነው ፊዚክስ መሆኑ ይቀርና የቤተሰቡን ኪስ ይሆናል።

ርዕሰ መምህሩ «ኦንላይን ውጤት ያሻሽላል» ካሉ ደግሞ እንዲህ ይበሏቸው። የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ባወጣው ሪፖርት፣ አቀላቅለው የተማሩት በክፍል ብቻ ከተማሩት በተወሰነ ደረጃ በልጠው ተገኝተዋል። ግን ሪፖርቱ ራሱ እንደሚለው እነዚያ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓትና ቁሳቁስ ነበራቸው፣ ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ኦንላይኑ ነው ማለት አይቻልም። ሰዓት ከሌለዎት ሰዓት ይጠይቁ። ቅዳሜ ጠዋት አይሲቲ ክፍሉ ቢከፈት ከመቶ ቪዲዮ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራው ማታ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይላካል። ልጁ ስልክ ይዞ ያመሻል፣ እኔም አልተኛ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄ ማቀላቀል ሳይሆን ሥራን ወደ ወላጅ መግፋት ነው። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው የቤት ሥራው ልጆቹ ከክፍል ሳይወጡ ደብተራቸው ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፣ ግሩፑ ለማስታወሻ ብቻ ይቅር። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ የተላከ ነገር ጠዋት እንዳይጠየቅም በጽሑፍ ያስፈርሙ። እስከዚያው ግሩፑ እርስዎ ስልክ ላይ ይሁን፣ ልጁ ይተኛ።