«ይመግባል»፣ «ያቀብላል» ወይስ «ይመልሳል»?

ጥያቄ፦ ለጀማሪዎች ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ማስተማሪያ እያዘጋጀሁ ነው። በኮማንድ ላይን (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የሚሠራ ፕሮግራም ስምና ዕድሜ በጠየቀ ቁጥር ሰው ቁጭ ብሎ ከሚጽፍለት መልሱን ከስክሪፕት የሚያገኝበትን መንገድ ሳስረዳ «ስክሪፕቱ ለፕሮግራሙ ግብዓት ይመግባል» ብዬ ነበር። አርታዒዬ «መመገብ ለሚበላ ነገር ነው» ብለው ሰረዙት። ልክ ናቸው?

መልስ፦ መሰረዛቸው ልክ ነው፤ ምክንያታቸው ግን አያስኬድም። «መጋቢ መንገድ» እንላለን፤ መንገዱ ማንንም አያጎርስም። ጉድለቱ ያለው «ለ» ላይ ነው። «መገበ» ተሳቢ የሚያደርገው ተመጋቢውን ነው፦ «ሕፃኑን መገበችው» እንጂ «ለሕፃኑ መገበች» አይባልም። ቃሉን ከወደዱት «ፕሮግራሙን ግብዓት ይመግበዋል» ማለት ነበረብዎ፤ እሱም ለጆሮዬ ይከብደኛል።

እኔ «ያቀብላል» እል ነበር። «አቀበለ» የ«ተቀበለ» ጥንድ ስለሆነ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ሲወስድ ወዲያው ይታያል።

«ይመልሳል» የሚለውን ግን በዘፈቀደ አይጠቀሙበት፤ ተማሪዎን የሚያሳስተው እሱ ነው። ሌላ ፕሮግራም በሚያስነሣው የፓይተን ሰብፕሮሰስ ሞጁል «ረን» የሚባለውን ፈንክሽን ሲጠሩና «ኢንፑት» በሚለው በኩል ጽሑፍ ሲሰጡት፣ ስክሪፕቱ መልሶቹን ሁሉ አስቀድሞ አሰናድቶ፣ ሰው ቢሆን ኢንተር በሚጫንበት ቦታ ሁሉ የአዲስ መስመር ምልክት አድርጎ፣ በመደበኛው መግቢያ (ፕሮግራሙ የሚጻፍለትን በሚያነብበት መስመር) በአንድ ጊዜ ይለቅቀዋል። ጥያቄዎቹን አያያቸውም። ፕሮግራሙ ከስም በፊት ዕድሜ ቢጠይቅ ለዕድሜው ስም ይደርሰዋል። ጥያቄውን ሳይሰማ የተናገረን ሰው ደግሞ «መለሰ» አንለውም።

ፔክስፔክት በተባለው የፓይተን ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ግን ስክሪፕቱ የሚያውቀው ጥያቄ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ካየው በኋላ ይልካል። ይኸኛው በእውነት ይመልሳል። የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ብዙ ፕሮግራሞች ከመደበኛው መግቢያ ሳይሆን በቀጥታ ከተርሚናሉ ስለሚያነቡ፣ እነሱ ዘንድ ማቀበል ብቻውን አያዋጣም። ስለዚህ በማስተማሪያዎ ሁለቱን ግሦች ለሁለቱ ዘዴዎች ያከፋፍሏቸው፤ ግማሹን ማብራሪያ ግሡ ራሱ ይሠራልዎታል።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፦ «ግብዓት» ብለው በዐይኑ «ዓ» ጽፈዋል። የግእዙ ግሥ «ገብአ» ነው፣ በአልፉ «አ»፤ ስለዚህ «ግብአት»። «ግብአተ መሬት» የምንለውም ያው ቃል ነው፣ እሱንም ብዙ ሰው በ«ዓ» ይጽፈዋል። «መመገብ»ን የሰረዙት አርታዒ ይህን እንዴት እንዳለፉት ገርሞኛል።